የተሸፈነችው ካርታ

በሙኽታር ሱቅ ጓዳ ካርታ የሚበውዘው ሁልጊዜ ደጅይጥኑ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰቆጣ ጭር ስትል ሙኽታር የሱቁን አንዱን መዝጊያ ገርበብ አድርጎ ይተውና ከጨርቅ ጣቃዎቹ ኋላ ያለችውን ዝቅተኛ ጠረጴዛ ያጸዳል። የምንጫወተው ሃያ አንድ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ አንዲት ካርታ ተሸፍና ትሰጠዋለች፤ እሷን ከባለቤቱ በቀር ማንም አያያትም። ከዚያ የሚመጡት ተገልጠው ይቀመጣሉ። ተጫዋቹ «ጨምርልኝ» ወይም «በቃኝ» ይላል። ድምሩ ለሃያ አንድ የቀረበለት ያሸንፋል፤ ከሃያ አንድ ያለፈ ይቃጠላል። ንጉሥ፣ ንግሥትና ጃክ አሥር አሥር ይቆጠራሉ። ሙኽታር ገና ከጅምሩ «ቁማር ከሆነ እኔ የለሁበትም» ስላለ ገንዘብ አይያዝበትም፤ የተሸነፈ ሰው ቅጣቱ ቀጣዩን ዙር ትንፍሽ ሳይል መቀመጥ ነው። እንደ ሙኽታር ላለ ወሬኛ ይህ ቀላል ቅጣት አይደለም።

ደጅይጥኑ ዓይነ ስውር ነው። መበወዝ ደግሞ ዓይን አይፈልግም። ካርታውን ለሁለት ከፍሎ በአውራ ጣቶቹ ሲለቀው ቆቅ ከቁጥቋጦ ስትነሳ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ያወጣል። በውዞ ያድላል፤ ካደለ በኋላ ግን ጨዋታው ከእጁ ይወጣል። ባለቤቱ ዓይናዲስ ከሙኽታር ጨርቅ እየወሰደች እዚያው በረንዳ ላይ ልብስ ትሰፋለች፤ እሑድ እሑድ እሷም ጠረጴዛው ላይ አለች። አልፎ አልፎ «ና እኔ ላንብብልህ» ትለዋለች። ካርታውን በጆሮው ስታንሾካሹክለት ግን ፊቷ ያሳብቅባታል፤ ሁላችንም ምን እንደያዘ እናውቃለን። ስለዚህ ደጅይጥኑ መበወዙን መረጠ።

እኔ ሰላማዊት እባላለሁ። ሰቆጣ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ደጅይጥኑ በዚያው ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነው፤ የተቀጠርነው በአንድ ዓመት ስለሆነ እንደ እኩያ ነው የምንተያየው። የተወለደው ሰቆጣ ዙሪያ፣ ከከተማው በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንደር ነው። ዓይኑን ገና በሕፃንነቱ ኩፍኝ ወሰደበት። አባቱ አቶ ወልደ ኢየሱስ «ይህ ልጅ በጥያቄ አላስቀምጥ አለኝ፤ መልስ ያለበት ቦታ ውሰዱልኝ» ብለው ወደ ዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ሰደዱት ይባላል። አዳሪ ትምህርት ቤቱ አገውኛ ብቻ የሚያውቀውን ልጅ ብሬልና አማርኛ አስተማረው፤ ጥያቄውን ግን አላስጣለውም። ባጃጅ ሲሳፈር ሞተሩ ለምን ዳገት ላይ ድምፁን እንደሚቀይር ሾፌሩን ይጠይቃል። ሆስፒታል የታመመ ሊጠይቅ ሄዶ ጢጥ ጢጥ የሚለው መሣሪያ ምን እንደሚቆጥር ነርሷን «አስረጂኝ» ይላታል። ተማሪዎቹ እንኳ ሲቀልዱ «መምህር ደጅይጥኑ ፈተና ላይ መልሱን ብትነግራቸው ጥያቄውን ይጨምሩልሃል» ይላሉ።

ካርታውን በተመለከተ አንድ ጊዜ መላ ፈልጎ ነበር። አንድ አዲስ ጥቅል ካርታ ገዛና የብሬል መጻፊያውን ሹል አንስቶ በእያንዳንዷ ካርታ ጥግ ላይ ስሟን ወጋባት። ያን እሑድ በውዞ ሲያበቃ ለራሱም አደለ። የተሸፈነችውን ካርታ በጣቱ ዳበሳትና «ጨምርልኝ» አለ። ዓይናዲስ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እስከ ምሽቱ ድረስ ተጫወተ፤ በሳምንቱም እንዲሁ። በሦስተኛው እሑድ ሙኽታር ካርታዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዝም አለ። ዙሩን ተሸንፎ አልነበረም ዝም ያለው።

«ምን ሆንክ?» አለው ደጅይጥኑ።

«ወላሂ ከዚህ በላይ መደበቅ አልችልም። የወጋሃት ነጥብ ከጀርባ ታብጣ ትታያለች። ያለፈው ሳምንት ግማሹን ለይቻቸው ነበር፤ ዛሬ ሁሉንም አወቅኳቸው። እጅህ ላይ ያለችው ዘጠኝ ናት።»

ዘጠኝ ነበረች። ደጅይጥኑ መጀመሪያ ሳቀ። ካርታዎቹን ሰብስቦ በላስቲክ አሰራቸው፤ የድሮዋን ጥቅል አንስቶም እንደ ወትሮው መበወዝ ጀመረ። ወደ ቤት ስንሄድ ግን «ሰላም፣ ማንም የማያውቃት ካርታ መያዝ ምን ይመስላል?» አለኝ። ዓይን ላለው ሰው ይህ የሚጠየቅ ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ ነው ኮዲንግ፣ ኮምፒውተርን በጽሑፍ የማዘዝ ትምህርት፣ የመጣው። ከመምህራን ፈቃደኛ የሆነ በነጻ ከኢንተርኔት ይማር ተባለ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚያግዝ ሰው ደግሞ እኔ ሆንኩ። ከሥራ ሰዓት በኋላ በኮምፒውተር ክፍሉ እንሰበሰብ ጀመር። ደጅይጥኑ ላፕቶፑን ይዞ ከፊተኛው ወንበር ተቀመጠ። ላፕቶፑ ላይ፣ ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም አለ። እንግሊዝኛውን ደህና አድርጎ ያነባል። አማርኛው ግን ለጉድ ነው፤ የሚጠብቀውን ያላላል፣ የሚላላውን ያጠብቃል። ዓይናዲስ መጀመሪያ የሰማችው ዕለት «ይህ ሰውዬ አማርኛ የተማረው የት ነው?» ብላ ነበር።

ጥቂት ሳምንታት ቁጥር ስንደምርና ስም ስናስጽፍ ከቆየን በኋላ ትምህርቱ አንድ መልመጃ አመጣ፤ ቀላል የካርታ ጨዋታ ሥሩ የሚል። ጨዋታው ሃያ አንድ ነበር። ሌሎቹ መምህራን «ደግሞ ካርታ! ቁማር ሊያስተምሩን ነው?» ብለው ተሳሳቁ። ደጅይጥኑ አልሳቀም።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። «ማሽኑ ካርታዬን ሲሰጠኝ በጆሮ ማዳመጫ ለእኔ ብቻ ሊነግረኝ ይችላል?»

«ይችላል።»

«ሌላ ሰው አይሰማም?»

«አይሰማም።»

እጆቹን ካስቀመጠበት አንስቶ ኪቦርዱ ላይ አደረጋቸው። «በል እንጀምር» አለ፤ ማንን እንዳለ እንጃ፣ ላፕቶፑን ይመስለኛል።

ያደከመን ካርታው ሳይሆን ባዶ ቦታ ነበር። ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ አንድ መስመር ከዳር ምን ያህል ገባ ብሎ መጀመሩ ትርጉም አለው። አንድ ክፍተት ከጎደለ ፕሮግራሙ እንቢ ይላል። እኛ በዓይናችን እናየዋለን፤ አንባቢው ፕሮግራም ግን ባዶውን ዘሎ ፊደሉን ብቻ ነው የሚያነበው። ደጅይጥኑ አንድ መስመር ላይ ሁለት ቀን ቆመ። ቃል በቃል አነበበው፣ ፊደል በፊደል አነበበው፤ ምንም ስህተት የለም። እኔ መጥቼ ሳየው አንድ ክፍተት ጎድሎታል።

«ምንም የሌለበት ቦታ ነው የተሳሳተው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ምንም የሌለበት ቦታ ትርጉም አለው?» ተናደደ ስል ፊቱ በራ። «ይህን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። በታሪክም እንዲሁ ነው እኮ፤ ጸሐፊው የዘለለው ቦታ ነው አንዳንዴ የሚናገረው።» ከዚያ አንባቢውን ፕሮግራም ክፍተቶቹን በቁጥር እንዲናገር የሚያደርገውን ማስተካከያ ፈልገን አገኘን። ከዚያ ወዲያ በየመስመሩ መጀመሪያ «አራት ክፍተት፣ ስምንት ክፍተት» የሚል ድምፅ ከማዳመጫው ሾልኮ ይሰማን ነበር።

ካርታዎቹን በዝርዝር አስቀመጣቸው፤ ቀይ ልብ፣ ዳይመንድ፣ አበባ፣ ጥቁር ልብ። መበወዙ ጋ ሲደርስ ትምህርቱ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሰጠው። ያቺን ቃል ትጽፋለህ፣ ማሽኑ ይበውዛል፤ አለቀ። ለሌሎቻችን አልቋል፤ ለእሱ ግን የዕድሜ ልክ ሥራው በአንዲት ቃል ሲያልቅ አልዋጥ አለው።

«ማሽኑ እጅ የለው። በምን ይበውዛል?»

የማውቀውን ያህል ነገርኩት። ከጥቅሉ ውስጥ በዕጣ አንዷን ያወጣል፣ ወደ ዳር ያደርጋል፤ ከቀሪዎቹ ደግሞ አንዷን፤ እንዲህ እያለ እስኪያልቅ። ደጅይጥኑ አልረካም። ማሽኑ በውዞ ሲያበቃ ጥቅሉን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ እንዲያነብለት አደረገና አገጩን በእጁ ደግፎ ሰማው። ደግሞ አስበወዘው፣ ደግሞ ሰማው። በመሀል እጁን አነሳ።

«ቁም! ይህ አልተበወዘም። ሦስት ሰባት ተከታትሎ መጣ።»

«በዕጣ ሲሆን እንደዚያ ሊገጥም ይችላል» አልኩት።

«እኔ ስበውዝ እንደዚያ አይገጥምም።»

«ያንተን አንብበን እናውቃለን እንዴ?»

የሚቀጥለው እሑድ ሙኽታር ሱቅ ስንገናኝ ጨዋታ የለም አለ። ካርታውን በደንብ አድርጎ በወዘና ለዓይናዲስ ሰጣት፤ «አንብቢ» አላት። አንድ በአንድ አነበበች። ሁለት ንጉሥ ጎን ለጎን ወጣ። እንደገና በወዘ፤ እንደገና አነበበች። ሙኽታር ሻይ አስመጣና ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ዳኛ ተቀመጠ። ስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ፣ ዓይናዲስ «ንግሥት፣ ንግሥት፣ ንግሥት» ብላ አነበበችና ራሷ ደነገጠች።

«የበወዝከው አንተ ነህ» አለ ሙኽታር። «ማንን ትከሳለህ?»

ደጅይጥኑ ሦስቱን ንግሥቶች ከእጇ ተቀብሎ ለብቻ ለብቻ ዳበሳቸው፤ ለጣት አንድ ዓይነት ናቸው። «እኔ እስከ ዛሬ መበወዝ ማለት ማለያየት ይመስለኝ ነበር» አለ። «ለካ ማለያየት አይደለም። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ማንም እንዳያውቅ ማድረግ ነው።»

ይህችን ነገር ከያዘ በኋላ ሥራው ተፋጠነ። ጨዋታው ከማሽኑ ጋር የሚደረግ ሆነ፤ ማሽኑ ያከፋፍላል፣ ራሱም ይጫወታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ደጅይጥኑ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አውርዶ ጠራኝ። ፊቱ የተታለለ ሰው ፊት ይመስላል።

«ይህ ነገር ያያል» አለኝ።

«ማን?»

«ማሽኑ። የተሸፈነችውን ካርታዬን ያያል። እኔ አሥራ ሰባት ስይዝ እሱ አሥራ ስምንት ላይ ይቆማል። እኔ አሥራ ዘጠኝ ስይዝ ግን አሥራ ስምንት ላይ ሆኖም ይጨምራል። እንዴት አወቀ?»

አብረን ኮዱን መስመር በመስመር ሄድንበት። እሱ ይሰማል፣ እኔ አያለሁ። አንዲት መስመር ጋ ስንደርስ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ቆምን። «የማሽኑ ድምር ከተጫዋቹ ድምር ካነሰ ይጨምር» ይላል። የተጫዋቹ ድምር ውስጥ የተሸፈነችውም ካርታ ተቆጥራለች። የጻፈው ራሱ ነው።

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ነው። «ዓይን የሰጠሁት እኔ ነኛ!» አለ። «አሁን ደግሞ አጥፋ ልለው ነው። ሰላም፣ ማሽን ዓይነ ስውር እንዲሆንለት የለፋ ሰው ከእኔ በፊት ነበር ይሆን?»

«እንጃ» አልኩት፤ እኔም እየሳቅኩ።

«ማሳየቱ ቀላል ነበር። አለማሳየቱ እንዴት ነው?»

ማሽኑ የሚወስንበትን ክፍል ከሌላው ለይቶ እንዲጽፍ ነገርኩት። «በሩ የተዘጋ ክፍል አድርገህ አስበው። ውስጥ ያለው ሰው የሚያውቀው አንተ በመስኮት ያቀበልከውን ብቻ ነው። የተሸፈነችውን አታቀብለው።» ይህ ምሳሌ በጣም ገባው። ሌላ ሰው በመስኮት ያቀበለውን ብቻ ይዞ መወሰን ምን እንደሆነ ከእኔ የበለጠ ያውቃል፤ ይህን ግን አላልኩትም፣ እሱም አላለም። በማግሥቱ ከጨረሰ በኋላ ማሽኑ ደጅይጥኑ አሥራ ሁለት ብቻ ይዞ ሳለ አሥራ ስምንት ላይ ጨመረና ተቃጠለ። «ሞኝ! አይ ሞኝ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ፤ ልጁ የመጀመሪያ እርምጃውን ተራምዶ የወደቀበት አባት ነበር የሚመስለው። ስክሪኑ ላይ ዓይናቸውን ተክለው የነበሩት መምህራን ሁሉ ዞር አሉ።

የመጨረሻው ሥራ ጨዋታውን የሰው ከሰው ማድረግ ነበር። ደጅይጥኑ ካርታውን በማዳመጫ ይሰማል፤ ሌላው ተጫዋች ላፕቶፑን ወደ ራሱ አዙሮ የራሱን ከስክሪኑ ላይ ያያል፤ አይቶ ሲጨርስ አንድ ቁልፍ ይነካና ካርታው ይጠፋል። ማሽኑ በውዞ ያድላል እንጂ በጨዋታው አይገባም።

እሑድ ደረሰ። መብራት አልነበረም፤ የላፕቶፑ ባትሪ ግን ትምህርት ቤት ተሞልቶ መጥቷል። ሙኽታር ጠረጴዛውን አጽድቶ፣ ካርታ የሌለበት ጠረጴዛ ምን እንደሚደረግበት ግራ ገብቶት እጆቹን አጣምሮ ተቀመጠ። ዓይናዲስ ስፌቷን አቁማ መጣች። ደጅይጥኑ ማዳመጫውን አደረገና ቁልፉን ነካ።

«የተሸፈነች ካርታ፣ ንጉሥ፣ የአበባ!» ብሎ ማሽኑ በዚያ ጉደኛ አማርኛው ሱቁን ሞላው።

ማዳመጫው በደንብ አልተሰካም ነበር። በረንዳው ላይ ነጠላ ስትመርጥ የነበረች ሴት «በስመ አብ!» ብላ ጨርቁን ጣለችው። ሙኽታር እስኪያስለው ሳቀ። «ጓደኛዬ፣ ብሬሉ ቢያንስ ዝም ይል ነበር» አለ።

ደጅይጥኑ ማዳመጫውን ቀጭ እስኪል ገፍቶ ሰካውና ከመጀመሪያው አስጀመረ። በዚህ ጊዜ ምንም አልተሰማንም። እሱ ግን ሰምቷል። ቀና ብሎ ተቀመጠ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ከእኛ አንዳችንም ምን እንደያዘ አናውቅም። ማሽኑም ቢሆን ለሌላ ለማንም እንዳይናገር ሆኖ ነው የተጻፈው። ዓይናዲስ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች።

«ልትጨምር ነው ወይስ በቃህ?» አለ ሙኽታር።

«ቆይ» አለ ደጅይጥኑ። «ቆይ፣ አታቻኩለኝ። ትንሽ ልያዛት።»

የተገለጠችው ካርታው ዘጠኝ ነበረች። በመጨረሻ «በቃኝ» አለ። ሙኽታር የራሱን አየ፤ ከዚያ ስክሪኑን ትቶ የደጅይጥኑን ፊት አተኩሮ አየ። አሥራ ስምንት ይዞ ነበር፤ በአሥራ ስምንት የሚጨምር ሰው የለም። «ጨምርልኝ» አለ። ሦስት መጣለት። ሃያ አንድ!

ደጅይጥኑ አሥርና ዘጠኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ነበረው። «በአሥራ ስምንት ጨመርክ?» አለ ግራ ተጋብቶ። «እንዴት? የተሸፈነችውን አላየሃት!»

«ካርታዋን አላየኋትም። አንተን አየሁህ። ሆድ ያባውን ፊት ያወጣዋል።»

«ፊቴ ምን አደረገ?»

ሙኽታር መልስ ለመስጠት አፈረ። ዓይናዲስ ናት የነገረችው። «ደስ ሲልህ ቅንድብህ ይነሳል። አፍህን ደግሞ ሳቅ እንዳያመልጥህ ትይዘዋለህ፤ ስትይዘው የበለጠ ይታያል።»

«ሁልጊዜ?»

«ከተጋባን ጀምሮ።»

ደጅይጥኑ ሁለት እጁን አንስቶ ፊቱን እንደማያውቀው ነገር ዳበሰው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ፊት ምስጢር እንደሚያወጣ ሲነገር ሰምቷል፤ የራሱ ፊት ግን ምን እንደሚል ማንም ነግሮት አያውቅም፤ እሱም ከእነዚያ ጥቂት እሑዶች በቀር የሚደብቀው ካርታ ኖሮት ስለማያውቅ አልጠየቀም። ያዝናል ብዬ ሰግቼ ነበር። እሱ ግን ጥያቄውን ጀመረ። ሲያዝን ቅንድቡ ወዴት ይሄዳል? ሲዋሽስ? ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ወይስ ለየራሱ? ዓይናዲስ የምትችለውን መለሰች፤ የማትችለውን በጣቷ ግንባሩ ላይ እየነካች አሳየችው። ጨዋታው ቆመ።

«እንግዲህ ፊትህ ምን እንደሚል አንተም አወቅክ» አለ ሙኽታር፤ ትንሽ የጸጸተው ይመስላል። «እኔ ያንተን ፊት ካየሁ፣ አንተ ደግሞ የእኔን የምታውቅበት ነገር ቢኖር ጥሩ ነበር።»

«አለኝ እኮ» አለ ደጅይጥኑ።

«ምን?»

«ጥሩ ካርታ ሲደርስህ ትንፋሽህን ትይዛለህ። መጥፎ ሲደርስህ ጫማህ ወለሉን ይፈትጋል። ዓይናዲስ መጥፎ ሲደርሳት ቀለበቷን ታዞራለች፣ ጠረጴዛው ላይ ይሰማኛል። ሰላም ደግሞ ገና ሳትገልጠው ‹እሺ› ትላለች፤ ‹እሺ› ካለች መጥፎ ነው።»

ሦስታችንም እጃችንንና እግራችንን ሰበሰብን።

«ይህን ሁሉ ዘመን?» አለ ሙኽታር። «እየበወዝክ የሁላችንንም ካርታ ታውቅ ነበር?»

«ካርታውን አይደለም። ደስ እንዳላችሁና እንዳላላችሁ ብቻ።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«ማን ጠየቀኝ? እኔ ነኝ እንጂ የምጠይቀው እናንተ መቼ ትጠይቃላችሁ!»

ያን ዕለት እስኪመሽ ተጫወትን። ደጅይጥኑ ብዙውን ዙር ተሸነፈ፤ እየተሸነፈም ቅንድቡን በጣቱ ወደ ታች ይዞ ይቀመጥ ነበር፤ ሙኽታር «እሱማ ማጭበርበር ነው» እስኪለው ድረስ። በሚቀጥሉት እሑዶች እጁን ፊቱ ላይ ማድረጉን ተወ። ከዚያ የተሸፈነች ካርታው አሥርም ትሁን ሁለት ፈገግ ማለት ጀመረ። ይህ የዓይናዲስ ምክር ነበር፤ ሁልጊዜ ከሳቅክ ምኑን ያውቁሃል አለችው። ሙኽታር በበኩሉ ትንፋሹን ለማሳሳት ሲል አንድ ጊዜ ሊታፈን ደረሰ።

ትምህርቱ አለቀ፤ ለሁላችንም በስልክ የምስክር ወረቀት ተላከልን። ደጅይጥኑ የእሱን አንዴ አስነብቦ ሰማና ዘጋው። ታሪክ ማስተማሩን አልተወም፤ ኮምፒውተርም ሥራ ላድርገው አላለም። ጨዋታው ግን አልጨረሰም። የማሽኑ አማርኛ አልጥም ስላለው የዓይናዲስን ድምፅ ቀድቶ አስገባበት፤ የካርታዎቹን ስምና የጨዋታውን ቃላት አንድ በአንድ ስፌቷ ላይ ተቀምጣ ተናገረችለት። ከአንዳንዱ ካርታ ኋላ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል። ለእሱ ይህ ያመቻል፤ ለእሷ ግን በራሷ ድምፅ «ተቃጥለሻል» መባል እስካሁን አልተለመደላትም።

ባለፈው እሑድ ስሄድ ሁለቱ ጓደኛሞች ሲከራከሩ ደረስኩ። በሃያ አንድ «አስ» የምትባለው ካርታ ሲመች አሥራ አንድ፣ ሳይመች ደግሞ አንድ ትቆጠራለች። ደጅይጥኑ ይህን ጽፎታል፤ አንድ አስ ስትመጣ በትክክል ይሠራል። ሁለት አስ አንድ ላይ ሲመጡ ግን ማሽኑ አንዳንዴ ሰውን ያለ ጥፋቱ ያቃጥላል። ሙኽታር ሁለት አስና አንድ ዘጠኝ ይዞ «ተቃጥለሃል» ተብሎ ነበር።

«ሃያ አንድ ነው!» ይላል ሙኽታር። «አንዷን አሥራ አንድ፣ አንዷን አንድ አድርገህ ቁጠር። ሃያ አንድ! አሸንፌያለሁ!»

«ታውቃለህ፣ ልክ ነህ» ይላል ደጅይጥኑ። «ማሽኑ ግን ሠላሳ አንድ ነው ይላል። አንዳንዴ ብቻ መሆኑ ነው የሚገርመኝ። ትናንት በዚሁ ካርታ በትክክል ቆጥሮ ነበር።»

«እኔን አያገባኝም፤ ዙሩ የእኔ ነው።»

«የአንተ ይሁን፣ የአንተ ይሁን። ትናንት ግን መጀመሪያ ዘጠኟ ናት የመጣችው ወይስ አሷ?» ወደ እኔ ዞረ፤ መምጣቴን በእርምጃዬ አውቆ ነበር። «ሰላም፣ ቁጭ በይ። የመጡበት ቅደም ተከተል ይለውጠው ይሆን?»

ወንበር ሳብኩ። እኔም አላውቅም ነበር። ከማዳመጫው አንዱን ለራሱ አድርጎ አንዱን ለእኔ ሰጠኝና ከመጀመሪያው መስመር ጀመርን፤ አራት ክፍተት፣ ስምንት ክፍተት። ሙኽታር ለራሱ አንድ ነጥብ መዝግቦ ወደ ደንበኛው ወጣ።